ኬዝ ስተዲ ስትሠሩ ፎቶውን ትታችሁ ሴክሽኑን ሳሉ

አዳማ ላይ አርክቴክቸር ለምትማሩ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ለኬዝ ስተዲ፣ ማለትም የተሠራ ሕንፃን መርምሮ ለመማር፣ የሚያምር ፎቶ እየለቀማችሁ ፖስተር አትሙሉ። አንድ ሕንፃ ይበቃል። ከሱም አንድ መጋጠሚያ ብቻ ምረጡ፤ ለምሳሌ ጣሪያው ከግድግዳው የሚገናኝበትን። ከዚያ ሴክሽኑን፣ ማለትም ቦታው ቢቆረጥ ውስጡ የሚታይበትን ሥዕል፣ በእጃችሁ፣ በ1:10 (ከእውነተኛው መጠን በአንድ አሥረኛ) ሳሉት።

አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ የሠራውን የጋንዶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንውሰድ። ያለቀው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ፎቶው ላይ ዓይን የሚገባው ሰፊው የቆርቆሮ ክዳን ነው። ስትስሉት ግን ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ እንዳልተኛ ታያላችሁ። ከፌሮ ተበይዶ በተሠራ ቀጭን ትራስ (truss፣ ጣሪያ የሚሸከም የብረት አጽም) ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ከሥሩ ደግሞ የጡብ ኮርኒስ አለ። ነፋሱ በሁለቱ መሃል እያለፈ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ይሄ ከፎቶ አይገባም፤ መስመሩን ራሳችሁ ስታሰምሩ ነው የሚገባችሁ።

ቀጥሎ ሜትር ያዙና የምትኖሩበትን ቤት ለኩ። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ከግድግዳው ስንት ሴንቲ ሜትር ወጥቷል? ከኮርኒሱ በላይ የታፈነው አየር መውጫ አለው? ይህንንም በ1:10 ሳሉና ከጋንዶው ጎን ለጥፉት። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ትራሱ ካልገባችሁ ሰፈራችሁ ያለ ብየዳ ቤት ጎራ በሉ። እኔ ፌሮ ከፌሮ እንዴት እንደሚያያዝ የገባኝ እዚያ ነው፤ ባለሙያው ሥራውን አቁሞ በጠመኔ ወለሉ ላይ ስሎ አሳየኝ።