ዋይፋያችሁን ማን እየተጠቀመበት ነው?

ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል

ጎረቤት ከመጠርጠራችሁ በፊት መስመሩን ፈትሹ። ኮምፒውተሩን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰኩና ዋይፋዩን ለጊዜው አጥፉት። አሁንም ከዘገየ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ ለአገልግሎት ሰጪው ደውሉ። ከፈጠነ ግን ዋይፋዩን መልሳችሁ አብሩና ማን ማን እንዳለበት እዩ። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብላችሁ ወደ ራውተሩ ገጽ ግቡ፤ የተገናኙት ዕቃዎች ዝርዝር እዚያ አለ። እምቢ ካለ ትክክለኛው አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ሥር ተለጥፏል።

ዝርዝሩ ውስጥ የማታውቁት ዕቃ አለ

አትደንግጡ። አዳዲስ ስልኮች እውነተኛ የማክ አድራሻቸውን (የዕቃው መለያ ቁጥር) ስለሚደብቁ የራሳችሁም ስልክ ባዕድ ሊመስል ይችላል። የቤቱን ስልኮች ዋይፋይ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ዝርዝሩን አድሱት፤ ቲቪውንም እንዳትረሱ። መጨረሻ ላይ ከኮምፒውተራችሁ በቀር የሚቀር ካለ እንግዳው እሱ ነው።

እንዴት ገባ? ብዙ ጊዜ ሰብሮ ሳይሆን ተሰጥቶት ነው። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው ፓስዎርድ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ይከብዳል። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ደግሞ አንዴ የገባ ስልክ ፓስዎርዱን በኪዩአር ኮድ ለሌላው ያሳያል።

ሌላው ምክንያት ስልክ ቁጥርን ፓስዎርድ ማድረግ ነው። በ09 ወይም በ07 መጀመሩ ስለሚታወቅ የሚቀረው 8 አሃዝ ብቻ ነው። ራውተሩና ስልካችሁ ሲገናኙ የሚለዋወጡትን መረጃ የቀዳ ሰው ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ካለው በደቂቃዎች ያገኘዋል። የማይገናኙ አራት ቃላትን በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዛችሁ ጻፉ፤ ለማስታወስ ይቀላል፣ ለመገመት ይከብዳል። ለእንግዳ ደግሞ ራውተሩ ገጽ ላይ «ጌስት ኔትወርክ» (ለብቻው የሆነ የእንግዳ ዋይፋይ) የሚለውን ክፈቱ።

ፓስዎርድ ቀየራችሁ፣ ሰውየው ተመልሶ መጣ

መጀመሪያ ልጆቹን ጠይቁ። እነሱ ካልሰጡ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው የራውተሩ ገጽ መግቢያ (ዩዘርኔምና ፓስዎርድ) አሁንም «አድሚን፣ አድሚን» መሆኑ ነው፤ ኔትወርኩ ውስጥ ያለ ሰው አዲሱን ፓስዎርድ ከዚያው ያነበዋል። ሁለተኛው ደብሊውፒኤስ ነው፤ ፓስዎርድ ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኝ ዘዴ ነው። ፒኑ 8 አሃዝ ቢሆንም በሁለት ተከፍሎ ስለሚረጋገጥ ቢበዛ በ11,000 ሙከራ ይገኛል። ይህ ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ነው፣ ግን ዛሬም ስንቱ ቤት ክፍት ነው!

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በኬብል ሆናችሁ መጀመሪያ የራውተሩን መግቢያ ቀይሩ፣ ደብሊውፒኤስን ዝጉ፣ ከዚያ የዋይፋዩን ፓስዎርድ። የደህንነት ዓይነቱን ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 አድርጉት። ሪሴት ማድረግ ካሰባችሁ የመስመሩን ዩዘርኔምና ፓስዎርድ አስቀድማችሁ ያዙ፤ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የዋይፋዩን ስም መደበቅ የሚሉትን ምክር ግን እለፉት፣ በነጻ አፕ ይታያል።

ትክክለኛ አድራሻ ጽፋችሁ ሌላ ገጽ ይከፈታል

በሁሉም ስልክ ላይ ከሆነ አንድ ሰው የራውተሩን ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስም ወዴት እንደሚወስድ የሚወስነውን ቅንብር) ለውጦት ሊሆን ይችላል። ወደ «አውቶማቲክ» መልሱት፣ «ሪሞት ማኔጅመንት» (ራውተሩን ከውጭ በኢንተርኔት ማዘዝ) የሚለውንም አጥፉ። እስኪስተካከል ድረስ በዚያ ዋይፋይ የባንክ አፕ አትክፈቱ።