ወረቀቱ ሲሸበሸብ፣ ኢንኩ ሲፈስ፣ ሊኖው ሲዥጎረጎር፦ የኢሉስትሬሽን ተማሪ ችግርና መፍትሄ

የኢሉስትሬሽን (ጽሑፍን ወይም ታሪክን የሚያሳይ ሥዕል) ተማሪ በአንድ ሴሚስተር የውሃ ቀለም፣ ኢንክ፣ ጓሽ (ወፈር ያለ፣ ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን የውሃ ቀለም)፣ ኮላጅ (ወረቀት እየተለጠፈ የሚሠራ ሥዕል) እና ሊኖ (ተቀርጾና ኢንክ ተቀብቶ ወረቀት ላይ የሚታተም ንጣፍ) ይነካካል። ሥራው ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው እጁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የወረቀቱ፣ የውሃው ብዛት ወይም የችኮላ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ልማድ ያዙ፤ ዋናው ሥራ ከሚሠራበት ወረቀት ላይ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ቆርጣችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ቀለሙም፣ ኢንኩም፣ ላጲሱም፣ ፕላስተሩም መጀመሪያ እዚያ ላይ ይሞከር። በሌላ ወረቀት ላይ የተሳካ ሙከራ ስለዚህኛው ምንም አይናገርም።

ወረቀቱ እንደ ቆርቆሮ ተሸበሸበ

ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ይሰፋል። የረጠበው መሃል ሲሰፋ ደረቁ ጠርዝ ባለበት ስለሚቀር መሃሉ መሄጃ አጥቶ ያብጣል፤ ቀለሙም ከጉብታው ሸሽቶ ጎድጓዳው ውስጥ ይጠራቀማል። 80 ግራም (የወረቀት ግራም የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት ነው) የፎቶ ኮፒ ወረቀትን ከዚህ የሚያድን ዘዴ የለም፣ ለረቂቅ ተዉት። 200 ግራም ቀለል ያለ ቅብ ይችላል። 300 ግራም እንኳ ሰፊ ሰማይ ሲቀባበት ይሸበሸባል። ሳይወጠር የሚችለው 640 ግራሙ ነው፣ ዋጋው ግን የተማሪ ዋጋ አይደለም።

መፍትሄው መወጠር ነው። 300 ግራሙን ወረቀት ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ንከሩት፣ በአንዱ ጥግ ይዛችሁ ውሃውን አንጠፍጥፉ፣ ከዚያ ኮምፔንሳቶ ላይ አንጥፉት። ኮምፔንሳቶው 12 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወፍር፤ ቀጭን ከሆነ ወረቀቱ እየደረቀ ሲሳብ እንጨቱን ራሱን ያጣምመዋል። አራቱን ጠርዞች ሙጫው በውሃ በሚነቃ የወረቀት ፕላስተር ያዙ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ እንጨቱ ላይ። ስኮችና ማስኪንግ ቴፕ እርጥብ ወረቀት ላይ አይዙም። ፕላስተሩን በእርጥብ ስፖንጅ አንድ ጊዜ ማበስ ይበቃል፣ ውሃ ውስጥ ከነከራችሁት ሙጫው ታጥቦ ይሄዳል። ፕላስተሩ ካልተገኘ የሶፋ ሠሪ ስቴፕለር በየ4 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ሲመታ እኩል ይሠራል።

ሲደርቅ በጠፍጣፋ ቦታ ይቀመጥ። ግድግዳ ላይ ካስደገፋችሁት ውሃው ወደ ታች ወርዶ የታችኛውን ፕላስተር ያላቅቀዋል። ማታ የተወጠረ ጠዋት ይደርሳል፤ በፀጉር ማድረቂያ ማጣደፍ አንዱን ጎን ቀድሞ ያደርቅና ፕላስተሩን ያስነሳዋል።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ከተሸበሸበስ? ገልብጡት፣ ጀርባውን ብቻ እርጥበት ባለው ስፖንጅ አብሱት፣ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መሃል አድርጋችሁ ከባድ መጻሕፍት ጫኑበትና 24 ሰዓት ተዉት። ወፍራም ጓሽ ወይም ውሃ የሚያስለቅቀው ኢንክ ያለበት ሥራ ግን ለዚህ አይሰጥም።

አበባ ጎመን የሚመስል እድፍ ወጣ

ልስልስ መሆን የነበረበት ሰማይ ላይ ጠርዙ የተሸረከተ ነጣ ያለ ክብ ይታያል። ከፊል የደረቀ ቅብ ላይ ይበልጥ የረጠበ ብሩሽ ሲያርፍ አዲሱ ውሃ ተዘርግቶ ገና ያልያዘውን ቀለም ወደ ዳር ይገፋዋል። እድፉ ያ የተገፋው ቀለም ነው።

ወረቀቱን ከጎን፣ በብርሃን አቅጣጫ ተመልከቱ። እያብለጨለጨ ከሆነ ቀለም መጨመር ይቻላል። መብለጭለጩ ጠፍቶ በእጅ ጀርባ ሲነካ ከቀዘቀዘ አደገኛው ሰዓት እሱ ነው፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ቅዝቃዜው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ሁለተኛውን ቅብ ደርቡ። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ወረቀቱ ወደዚያ አደገኛ ሰዓት የሚገባው በጣም ፈጥኖ ነው። በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አልደርቅ ብሎ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ስለዚህ በበጋ ሰፊ ቅብ ስትቀቡ ያስፈልገኛል ካላችሁት እጥፍ ቀለም አስቀድማችሁ በጥብጡ፣ ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ አርጥቡ፣ ሰሌዳውን ከላይ በኩል በአንድ መጽሐፍ ከፍ አድርጉና ከላይ ወደ ታች ሳትቆሙ ውረዱ። መሃል ላይ ቀለም አልቆ መበጥበጥ የጀመረ ሰው አበባ ጎመኑን ጠርቶታል።

እድፉ አንዴ ከወጣ እርጥቡን አትነካኩት። ፈጽሞ ሲደርቅ ጠርዙን በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ እሹና ወዲያው በሶፍት ጫን አድርጋችሁ አንሱት፤ ሶፍቱን ማሸት ሳይሆን መጫን።

ቀለሙ ጭቃ ሆነ

ከሦስት በላይ ቀለም ተቀላቅሏል፣ ወይም ቀይና አረንጓዴን የመሰሉ ተቃራኒዎች እርጥብ ለእርጥብ ተገናኝተዋል፣ ወይም የማጠቢያው ውሃ ቆሽሿል። ሁለት ብርጭቆ ያዙ፣ አንዱ ብሩሽ መታጠቢያ፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ መውሰጃ። ቡናማ ስትፈልጉ ግን ይኸው «ጭቃ» ሆን ተብሎ ይሠራል።

ኢንኩ አስቸገረ

ከኢንክ የሚመጡ ቅሬታዎች ይመሳሰላሉ፣ ምክንያታቸው ግን ይለያያል።

በመስመሩ ላይ የውሃ ቀለም ሲቀባ ጥቁሩ ተሟሟ፦ ኢንኩ ውሃ የማይችል ዓይነት ነው። የምንጭ ብዕር (ፋውንቴን ፔን) ኢንክ አብዛኛው ይሟሟል፣ ብዙ ጄል እስክርቢቶም እንዲሁ። ሼላክ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ያለበት የህንድ ኢንክና በፒግመንት (ውሃ ውስጥ በማይሟሟ የቀለም ዱቄት) የተሠሩ ቀጫጭን ብዕሮች ሲደርቁ ውሃ ይችላሉ። ቁራጩ ላይ አሥር መስመር አስምሩ፣ ግማሹን ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ ግማሹን በነጋታው በእርጥብ ብሩሽ እለፉበት። በ30 ደቂቃ ፈስሶ በነጋታው የማይፈስ ኢንክ ጥሩ ኢንክ ነው፣ ማደር ብቻ ይፈልጋል። የህንድ ኢንክን የምንጭ ብዕር ውስጥ መጨመር ግን ብዕሩን መግደል ነው፤ ሼላኩ ውስጡ ይደርቅና አይለቅም።

መስመሩ ጸጉር አወጣ፦ ወረቀቱ ኢንኩን እየመጠጠው ነው። ወረቀት ሲሠራ ፊቱ ላይ ፈሳሽ እንዳይመጥ የሚያደርግ ሙጫ ይገባበታል፤ ርካሹ ወረቀት ይህ ያንሰዋል፣ ጥሩውም ላይ ቢሆን ላጲስ ደጋግሞ ሲታሽበት ይነሳል። ለዚህ ነው ጸጉሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፊት ላይ፣ ዓይንና አፍ ላይ፣ ያው ደጋግመን የምናጠፋው እዚያ ነውና። ረቂቁን በሌላ ወረቀት ጨርሱና መስኮት ላይ አስደግፋችሁ ወደ ንጹሑ ገልብጡት። የብራና ጸሐፊዎች መስመራቸውን በወስፌ ጫን ብለው ነው የሚያሰምሩት፣ የሚጠፋ ነገር የለም። ይህን ዘዴ ለኢንክ ብቻ ተዋሱት፤ የውሃ ቀለም ሲቀባበት የወስፌው ጎድጓዳ ቀለም ያጠራቅምና ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይታያል።

አዲሱ ኒብ (ኢንክ ውስጥ እየተነከረ የሚጻፍበት የብረት ጫፍ) ኢንክ አልይዝ አለ፣ ወይም ዱብ ብሎ ጣለ፦ አዲስ ኒብ እንዳይዝግ በዘይት ተቀብቶ ነው የሚሸጠው፤ ኢንኩ ጠብታ ሠርቶ ይንከባለልበታል። በጥርስ ሳሙና አሽታችሁ እጠቡትና አድርቁት። ካጠባችሁትም በኋላ ከጣለ ከመጠን በላይ እየነከራችሁት ነው፤ ኢንኩ መሃሉ ላይ ካለችው ቀዳዳ ትንሽ ብቻ ይለፍ፣ ትርፉም በጠርሙሱ አፍ ይጠረግ።

ጓሽ ተሰነጠቀ፣ ወይም የታችኛውን አነሳ

የተሰነጠቀ ጓሽ ወፍሮ የተቀባ ነው። ቀለሙ የአጥሚት ያህል ይቅጠን፣ ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ጓሽ ከደረቀ በኋላም በውሃ ስለሚነቃ የላይኛው ቅብ ከታችኛው ጋር ይደባለቃል፤ ሁለተኛውን በጥቂት ውሃና በአንድ ምት አስቀምጡ፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አታሹት። በተጨማሪም ጓሽ ሲደርቅ መልኩ ይቀየራል፦ ብሩሁ ይጠቁራል፣ ጥቁሩ ይነጣል። ማመሳሰል የሚቻለው ቁራጩ ላይ ደርቆ ሲታይ ብቻ ነው።

ኮላጁ አበጠ

ኮላ ውስጥ ውሃ አለ፣ ስለዚህ ቀጭን ወረቀት ሲቀባ ይሰፋል። ኮላውን በስሱ በደረቅ ካርድ ግፉት፣ ወረቀቱ ሰፍቶ እስኪያበቃ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየተጫናችሁ ለጥፉት፣ ከዚያ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ክብደት ጫኑበት። በኢንክጄት የታተመ ምስል ኮላ ሲነካው ሊፈስ ይችላል፤ በሌዘር የታተመው አይፈስም።

ሊኖው ዥጉርጉር አተመ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱ ብዙ ነውና።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ህትመቶች ሁልጊዜ ገርጣ ይላሉ፣ ሊኖው ራሱ ኢንክ ይጠጣልና፤ በእነሱ አትፍረዱ። ከአራተኛው በኋላም ጨው የተነሰነሰበት ከመሰለ መጀመሪያ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ለኤ5 ሊኖ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ኢንክ መስታወት ላይ አድርጉና ሮለሩን በሁለት አቅጣጫ አሽከርክሩ። «ሽሽሽ» የሚል እኩል ድምፅ ሲያወጣና ፊቱ ከፋይ ሲመስል ልክ ነው። «ጭቅ ጭቅ» ካለ በዝቷል፤ በዚያው ብታትሙ ኢንኩ ቀጫጭን ጎድጓዳዎች ውስጥ ገብቶ ዝርዝሩን ይደፍናል። ድምፁ ከሌለ አንሷል።

ኢንኩ ልክ ሆኖ ሳለ ከዥጎረጎረ ወረቀቱን እዩ። ያለ ማተሚያ፣ በማንኪያ ጀርባ ለሚታተም ሥራ ሻካራው 300 ግራም አይሆንም፤ ከ60 እስከ 120 ግራም የሆነ ለስላሳ ወረቀት ይሻላል። ከመሃል ጀምራችሁ በትናንሽ ክቦች እሹ። ሳታነሱት በፊት ግማሹን በእጅ ይዛችሁ አንዱን ጥግ ግለጡና አጮልቁ፤ የሳሳው ቦታ ላይ ኢንክ ጨምሩበት፣ መልሱና እንደገና እሹ።

ሦስተኛው ምክንያት አየሩ ነው። በውሃ የሚሠራ የሊኖ ኢንክ በበጋ ቀትር ወረቀቱ ሳይደርስ ሊኖው ላይ ይደርቃል። በአንድ የሻይ ማንኪያ ኢንክ 2 ወይም 3 ጠብታ ግሊሰሪን፣ ያንኑ ለቆዳ የሚሸጠውን፣ አደባልቁ፤ ውሃ ስለሚይዝ መድረቁን ያዘገየዋል። ከዚህ ከበዛ ህትመቱ ለቀናት ይጣበቃል። በዘይት የሚሠራው ኢንክ ይህ ችግር የለበትም፣ ለመድረቅ ግን ቀናት ይፈልጋል፤ መሣሪያው መጀመሪያ በምግብ ዘይት፣ ቀጥሎ በሳሙና ይጸዳል።

የቀረጻችሁት ቀጭን መስመር ሲታተም ከተሰበረ ሥሩን በልታችሁታል። ቢላው ከመስመሩ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ የቀረው መስመር እንደ ተራራ ከላይ ቀጭን፣ ከታች ሰፊ ይሁን። ሊኖው ራሱ ከደነደነ፣ በክረምት ጠዋት ይህ የተለመደ ነው፣ ጨርቅ አልብሳችሁ ለብ ያለ ካውያ እለፉበት፣ ወይም አሥር ደቂቃ ፀሐይ ላይ አስጡት። ደንዳና ሊኖ ላይ የሚገፋ ቢላ ያመልጣል፤ ያልያዘው እጅ ምንጊዜም ከቢላው በስተኋላ ይሁን።

ጽሑፉ ደግሞ ተገልብጦ ይወጣል። ሀ እና ዐ ብዙም አያሳብቁም፣ ካዕብና ሳልስ ግን ወዲያው ያጋልጣሉ፤ የ«ቡ» ቅጥል በቀኝ መሆን ሲገባው በግራ ተሰክቶ ታገኙታላችሁ። በስስ ወረቀት ላይ በ4ቢ ወይም በ6ቢ ለስላሳ እርሳስ በትክክለኛው አቅጣጫ ጻፉ፣ ፊቱን ወደ ሊኖው ደፍታችሁ ጀርባውን በማንኪያ እሹ። እርሳሱ ተገልብጦ ሊኖው ላይ ይቀራል፣ ሲታተም ይቃናል።

ስክሪን ላይ ደበዘዘ፣ ማተሚያ ቤት ደግሞ ሌላ ሆነ

በስልክ የተነሳ ሥራ ነጩ ግራጫ የሚሆነው ካሜራው ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን ስለሚቀንስ ነው። ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ያህል ከፍ አድርጉ። አምፖል አጥፉ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት አጠገብ አንሱ። ጎኖቹ እንዳይጎብጡ ከቅርብ ሳይሆን ራቅ ብላችሁ በ2 እጥፍ ዙም ይሁን።

ስካነር ካለ በራሱ የሚያስተካክለውን አማራጭ አጥፉ፤ ስሱን የውሃ ቀለም እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ የሚያነጣው እሱ ነው። ለቀለም 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ለጥቁር መስመር 600። ኤ4 በ300 ማለት 2480 በ3508 ፒክስል ነው። በቴሌግራም በፎቶ መልክ ስትልኩት ግን በተለምዶ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፣ ይኸውም በ300 ሲታተም 11 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በፋይል መልክ ላኩ።

ስክሪን ላይ የበራው አረንጓዴና ብርቱካናማ ሲታተም የሚሞተው ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በአራት ቀለም ስለሚሠራ ነው። ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ እነዚሁ አራት የማተሚያ ቀለሞች) ቀይራችሁ ቀድማችሁ እዩት። የጥቁር መስመሩ ጠርዝ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥላ ካወጣ፣ መስመሩ ከአራቱም ቀለም ተሠርቶ የየቀለሙ ማተሚያ ሳህኖች በጥቂቱ ተዛንፈዋል ማለት ነው፤ የመስመሩን ሌየር (የፋይሉን ንብርብር) 100 ፐርሰንት ጥቁር ብቻ አድርጉት። ከተቆረጠ በኋላ ዳሩ ላይ ነጭ ክር ከታየ ምስሉን በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ከመቁረጫው መስመር አስወጡት፤ ጽሑፍ ደግሞ ከመስመሩ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይቀመጥ።