ድሬ ሆነህ በማሽላ አገዳ ላይ እንጉዳይ፣ ከዛ ኮምፖስት

አቦ ከከብት የተረፈውን የማሽላ አገዳ አታቃጥለው። እንዲሁ ብትከምረው ደግሞ ስንት ወር ይገተርብሃል፣ እንጨት ነገር ስለሆነ ቶሎ አይበሰብስም፣ መጀመሪያ እንጉዳይ ሲበላው ግን ያ ጠንካራው ነገር ይፈታና ይለሰልሳል ከዛ ኮምፖስት ማድረጉ ቀላል ነው።

የምልህ ኦይስተር የሚባለውን ነው፣ የዱር እንጉዳይ ለቅመህ እንዳትሞክር። ዘሩን ስትገዛ ሙቀት የሚችለውን ጠይቅ፣ ሀረር ያለህ ከ1800 ሜትር በላይ ስለሆንክ ብዙ አትጨነቅ፣ እኛ ግን 1200 አካባቢ ነን፣ ግንቦትና ሰኔን ተዋቸው፣ ከህዳር እስከ ጥር አሪፍ ነው።

አገዳውን ከ3 እስከ 5 ሳንቲም አርገህ ክተፈው፣ የለውዝ ቅርፊት ካለህ ትንሽ ጣል አርግበት። ገረባ፣ ማለት ከጫት የተረፈው ቅጠልና እንጨት፣ ይሆናል ወይ ካልከኝ፣ ጫት ላይ ፀረ ተባይ ስለሚረጭ እኔ ለሚበላ ነገር አላረገውም፣ ገረባ የፍየል ነው። ውሃ ውስጥ አሳድረህ ጠዋት አጥልለው፣ ከዛ በርሜል ውስጥ ከታች ድንጋይ ደርድረህ ትንሽ ውሃ አርገህ አገዳውን ከድንጋዩ በላይ ጫነውና እንፋሎት ከወጣ በኋላ ለ2 ሰዓት በእንፋሎቱ ቀቅለው። ጨብጠህ ስትጨምቀው አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ጠብ ካለ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ ገና ጠፈፍ ይበል።

እዚህ ጋ ነው እኔ የተበላሁት። ላዩ ለብ ሲል በረደ ብዬ ዘሩን ከተትኩ፣ መሃሉ ለካ ገና ይፋጃል፣ በ5ኛው ቀን ነጭ ነገር የለም፣ በ10ኛው ቀን 12 ላስቲክ ሙሉ አረንጓዴ ሻጋታ። አሁን እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ መሃሉን ሳልነካ ዘር አልከፍትም።

ለ10 ኪሎ እርጥብ አገዳ ግማሽ ኪሎ ዘር ይበቃል፣ እጅህን በሳሙና ታጠብና አገዳ ዘር አገዳ ዘር እያልክ ላስቲክ ውስጥ ጠቅጥቀው እሰረው፣ በአልኮል በተጠረገ ምስማር ዙሪያውን ብሳው። ጨለማ ክፍል ውስጥ 2 ወይ 3 ሳምንት ነጭ እስኪለብስ አትነካካው።

ነጭ ሲለብስ ላስቲኩን ጎን ጎኑን ሰንጠቅ አርገህ ትንሽ ብርሃንና ንፋስ ወዳለበት አውጣው፣ ቆርቆሮ ስር ግን ይጠበሳል። ዙሪያውን እርጥብ ጆንያ ስቀል፣ በቀን 3 ጊዜ ውሃ እርጭ። መጀመሪያ የስፒል ራስ የሚያህል ታያለህ፣ በጥቂት ቀን መዳፍ ያክላል፣ ጠርዙ ወደ ላይ ሳይገለበጥ ከስሩ ጠምዝዘህ ልቀም። 3 ዙር ያህል ይሰጥሃል፣ በሽንኩርትና ቃሪያ ብትጠብሰው የፆም ጥብስ ነው በቃ።

ሲያልቅበት ላስቲኩን ቀደህ ጣልና አገዳውን ጥላ ስር ከምረው፣ ለ3 እጅ አገዳ 1 እጅ የፍየል በጠጥና ለምለም ሳር ቀላቅል፣ በሳምንት አንዴ ገልብጠው፣ ድሬ ቶሎ ስለሚደርቅ ውሃ አትርሳ። 2 ወር ገደማ ሲሆነው ጠቁሮ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል፣ ችግኝ ላይ ብቻውን እንዳታረገው፣ ጨው ሊኖረው ስለሚችል ከአፈር ጋር ቀላቅለው። ክምሩን እሾህ ነገር እጠረው ደግሞ፣ የሰፈር ፍየል ገረባ ሲያልቅባት ወዴት እንደምትመጣ ታውቃለህ።