የሰማይን ወገብ ከአዲስ አበባ ያለ መሣሪያ ለይቶ ለማወቅ

የሰማይ ወገብ የምንለው የምድር ወገብ ወደ ላይ ተዘርግቶ ሰማይን ሰሜንና ደቡብ ብሎ እንደሚከፍል አድርገን የምናስበው መስመር ነው። መስመሩ በዓይን አይታይም፤ ሆኖም የሚያልፍባቸውን ኮከቦች የለየ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሊከተለው ይችላል። በአገራችን ሰማይን ማጥናት የሚጀምር ሰው ከሰሜን ኮከብ ይልቅ ከዚህ መስመር ቢነሣ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነውና፣ ከእንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ጋራው ሊጋርደው ይችላል።

በጥር አጋማሽ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ደቡብ ዞረው ቀና ይበሉ። በአንድ መስመር የተደረደሩት ሦስት ደማቅ ኮከቦች ኦራዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ መቀነት ናቸው። ከሦስቱ በስተምዕራብ ጫፍ ያለው ሚንታካ ከሰማይ ወገብ የሚርቀው ከግማሽ ዲግሪ ባነሰ ስለሆነ፣ እርሱን ማግኘት መስመሩን እንደማግኘት ይቆጠራል። ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ በዚህ ሰዓት ሚንታካ ከአናትዎ ወደ ደቡብ አንድ ጭብጥ ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከትክክለኛው ምሥራቅ ተነሥቶ በሚንታካ በኩል አልፎ ትክክለኛው ምዕራብ ላይ የሚያርፍ ቅስት በሐሳብዎ ቢስሉ፣ የሰማይ ወገብ እርሱ ነው።

ይህን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው በኅዳር መጨረሻ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ የምሥራቁ አድማስ በግልጽ ከሚታይበት ቦታ ሆኖ የሚንታካን አወጣጥ ይጠብቅ። ኮከቡ ብቅ ያለበትን አቅጣጫ በዛፍ ወይም በቤት ጣሪያ ምልክት ቢይዝ ያለ ኮምፓስ ምሥራቅን አገኘ ማለት ነው፤ ሚንታካም ከ12 ሰዓት በኋላ በትክክለኛው ምዕራብ ይጠልቃል። ፀሐይም መጋቢት 11 እና መስከረም 12 ገደማ በዚሁ መስመር ላይ ስለምትውል፣ በእነዚያ ቀናት የምትወጣውና የምትጠልቀው በእነዚሁ አቅጣጫዎች ነው።

በሌላ ከተማ ላሉ አንባቢዎች ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከ90 ላይ የከተማውን ኬክሮስ ሲቀንሱ፣ መስመሩ ከደቡብ አድማስ የሚኖረው ትልቁ ከፍታ ይገኛል። በዋሽንግተን 51፣ በስቶክሆልም 31 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ ከሁለቱም ከተሞች የደቡብ መስቀል የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ፈጽሞ አይታይም። በአዲስ አበባ ግን ከፍታው 81 ዲግሪ ስለሆነ የሁለቱም ወገን ሰማይ ይገኛል፤ በግንቦት መጀመሪያ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ቢዞሩ የታላቁ ድብን ሰባት ኮከቦች፣ ወደ ደቡብ ቢዞሩ ደግሞ የደቡብ መስቀልን በዚያው ሰዓት ያያሉ።