አሜሪካ ኮሌጅ ለምትገቡ፦ ስለ ምግብ ከመጀመሪያው ሳምንት ልታውቁት የሚገባ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ አገር ብሉልኝ ብሎ የሚለምናችሁ የለም። የክፍል ጓደኛችሁ ፒዛ ይዞ ገብቶ "ትበላለህ?" ሲላችሁ፣ እንደ አገር ቤት ልማድ "አይ፣ በልቻለሁ" ካላችሁ ነገሩ እዚያው አለቀ። "በሞቴ" የሚል አይከተልም። ክፋት አይደለም፤ ያላችሁትን አምኖ ነው። ስለዚህ ከራባችሁ "አዎ" በሉ። አዲስ መጥተው በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ፊታቸው የሚገረጣ ልጆች አያለሁ። አብዛኞቹን የጎዳቸው የምግብ እጦት ሳይሆን ይሉኝታ ነው።

ዶርም (የተማሪ ማደሪያ) የምትገቡ ከሆነ ብዙ ኮሌጆች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሚል ፕላን፣ ማለትም ቀድሞ የሚከፈልበት የምግብ ኮንትራት፣ እንዲገዛ ያስገድዳሉ። ከመምረጣችሁ በፊት በሳምንት ስንት ጊዜ መብላት እንደሚያስችል፣ ያልተጠቀማችሁበት ወደሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፍ ወይም ይቃጠል እንደሆነ ጠይቁ። ዳይኒንግ ሆሉ (የተማሪ መመገቢያው) በታንክስጊቪንግ፣ ማለትም በኅዳር በሚውለው የምስጋና በዓል፣ እና በገና እረፍት ክፍት መሆኑንም አጣሩ። ብዙ ቦታ ይዘጋል። የአገሩ ልጅ ቤተሰቡ ጋ ይሄዳል፣ እናንተ ግን ዶርም ትቀራላችሁ። የዚያን ሳምንት አስቤዛ ቀድማችሁ ያዙ።

ለጿሚ፦ "ቪጋን" የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የለውም። "ቬጀቴሪያን" የሚለው ግን አይብ ወይም ቅቤ ሊኖረው ስለሚችል አትሳቱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆይ ወይም ረመዳንን ለሚጾም ዋናው ችግር ሰዓቱ ነው፤ ስትደርሱ ምሳው ተነስቶ ወይም በሩ ተዘግቶ ይጠብቃችኋል። ለዳይኒንግ ሆሉ ኃላፊ ኢሜል ጻፉ። ምግቡን በዕቃ ይዞ መውጣት የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው፣ ካልተጠየቁ ግን አይነግሯችሁም። ደግሞ 55ቱን የሁዳዴ ቀናት በድንች ጥብስና በዳቦ ብቻ አትግፏቸው። ሰላጣ የሚነሳበት ቦታ ላይ ሽምብራና ባቄላ አይጠፋም፤ እሱን አብዙ።

ዳይኒንግ ሆሉ ውስጥ ያለገደብ የሚቀዳው ለስላሳ ብዙ ሰው ይጎዳል። አንድ 355 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፤ ወደ 10 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቀኑን ሙሉ ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። በፈተና ሰሞን የምትቀቅሉት ኑድል ደግሞ ጨው ነው። ብዙዎቹ በአንድ ፓኬት ከ1,500 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም አላቸው፣ የቀኑ ገደብ 2,300 ሆኖ ሳለ። ቅመሙን ግማሹን ብቻ ጨምሩና እንቁላል ስበሩበት፤ በጾም ቀን ፍሪዘር ውስጥ ያለውን ስፒናች።

እኔ ግን የምመክረው በሳምንት አንድ ቀን መሥራት ነው። ሕንድ ሱቅ "ማሱር ዳል" ተብሎ የሚሸጠው የእኛው ቀይ ምስር ክክ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሐበሻ ሱቅ ይረክሳል። ጎመን ስትፈልጉ ኮላርድ ግሪን ግዙ። እንጀራ ካገኛችሁ በብዛት ገዝታችሁ፣ በመሐሉ ወረቀት እያደረጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ስትፈልጉ አንዱን አውጥታችሁ እርጥብ የወረቀት ፎጣ አልብሱትና ማይክሮዌቭ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ አሙቁት፤ እንደ አዲስ ይለሰልሳል። ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ ሽሮና በርበሬ ይያዝላችሁ፣ ኤርፖርት ላይም ምግብ መያዙን ያስመዝግብ። ቋንጣ ግን አይሞክር፤ ሥጋ ስለማይገባ ይወሰድበታል።

የዶርም ኩሽና ውስጥ ተጠንቀቁ። ሽንኩርት እንደ ቤታችን ያለ ዘይት ስታቁላሉ ትንሽ ከጨሰ የእሳት ደወሉ ይጮኻል። እኩለ ሌሊት ከሆነ ሕንጻው ሁሉ በፒጃማ ውጭ ይሰለፋል። እሳቱን ቀንሱ፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ ጨምሩ፣ ከዳን አድርጉበት። ሽታው ያስቸግራል ብላችሁ ግን ወጥ መሥራት አትተዉ። መስኮት መክፈትና ለአብሮ አደር ማካፈል ይበቃል።

ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ብዙ ተማሪ መጀመሪያ የሚቀንሰው ምሳውን ነው። ቤተሰብ የሚጠብቀውን ብር ልኮ እሱ በቀን አንዴ የሚበላ አለ። ይህን አታድርጉ፤ የተራበ ሰው ትምህርት አይገባውም፣ ውጤት ሲወርድ ስኮላርሺፑም አብሮ ይሄዳል። በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ የመጣ ተማሪ ስናፕ የሚባለውን የመንግሥት የምግብ ድጎማ አያገኝም። ፉድ ፓንትሪ፣ ማለትም ምግብ በነጻ የሚታደልበት ቦታ፣ ግን ሌላ ነው። ብዙ ኮሌጆች ግቢ ውስጥ አላቸው፣ ብዙውን ጊዜም የተማሪ መታወቂያ ይበቃል። ሩዝ፣ የቆርቆሮ ባቄላ፣ አንዳንዴም ትኩስ አትክልት በነጻ ትወስዳላችሁ። ለተማሪ ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ የሌላ ሰው ድርሻ አልነካችሁም። ቦታውንና የሚከፈትበትን ቀን ሳይቸግራችሁ በፊት፣ አዲስ ተማሪ ግቢውን በሚተዋወቅበት በኦሪየንቴሽኑ ሳምንት ጠይቁ። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ አንድ የሐበሻ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱም ምናልባት ሲያፍር ከርሞ ይሆናል።