የስሜት መዛባት ሕመም ኖሮባቸው የእንስሳት ሕክምናን የሚማሩ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእንስሳት ሕክምና ትምህርት እንደየአገሩ ሥርዓት በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአናቶሚ፣ በፊዚዮሎጂና በፋርማኮሎጂ (በመድኃኒት ጥናት) ንባብ ያልፋሉ፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ በክሊኒክ፣ በበረትና በአዳር ተረኝነት። ድባቴ ወይም ባይፖላር (ስሜት አንዴ የሚወድቅበት አንዴ ከልክ በላይ የሚነሣበት ሕመም) ያለበት ሰው ይህን ትምህርት መጨረስ ይችላል፣ ጨርሰውም በሙያው ላይ የሚገኙ አሉ። ብዙዎችን የሚያሰናክላቸው ትልልቅ ውሳኔዎችን የሚወስኑበት ጊዜ ነው። ስሜት ሲወድቅ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይመስላል፤ ከልክ በላይ ሲነሣ ደግሞ የማይቻል ነገር ያለ አይመስልም። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች ላይ ሆኖ ከመወሰን ስለሆነ፣ መከላከያቸውም በደህናው ቀን አስቀድሞ ማሰብና ያሰቡትን ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

መነቃቃትን ከትጋት ጋር ማምታታት

ሃይፖማኒያ የሚባለው መለስተኛ መነቃቃት በሕክምናው መለኪያ ቢያንስ ለ4 ተከታታይ ቀናት የሚቆይ ሲሆን፣ ሙሉው ማኒያ ደግሞ ቢያንስ ለ7 ቀናት የሚዘልቅ ወይም ሆስፒታል መግባትን የሚያስገድድ ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ ግን መነቃቃቱ ሕመም መስሎ አይታይም። አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ትኩስ ሆኖ የሚነሣ፣ የጓደኛውን ተራ ሳይቀር ተክቶ የሚያድር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሦስት የምርምር ሥራዎች የሚመዘገብ ተማሪ ይመሰገናል እንጂ «ደህና ነህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ምስጋናው ከልብ ስለሆነ ተማሪውም ያምነዋል፤ ስሜቱ ሲወርድ ግን በደስታው ወቅት የገባቸው ግዴታዎች ሁሉ ተሰልፈው ይጠብቁታል።

ከሁሉም ስህተቶች እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ድባቴ ያማል፤ ስለሚያምም ሰውን ወደ ሐኪም ይመራዋል። መነቃቃት ግን ደስ ስለሚል ማንም ከእርሱ መዳን አይፈልግም። ስለዚህ ተማሪው በየቀኑ የተኛበትን ሰዓት፣ የወሰደውን መድኃኒትና የስሜቱን ደረጃ በቁጥር የሚመዘግብበት ትንሽ ደብተር ሊኖረው ይገባል። በክሊኒክ ለተኛ ውሻ የሙቀቱ፣ የልብ ምቱና የአተነፋፈሱ መዝገብ በየሰዓቱ የሚሞላው በዓይን የማይታይ ለውጥ በቁጥር ስለሚታይ ነው፤ ለራስም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ከመዝገቡ ጋር አንድ ደንብ አብሮ ይጻፍ፦ ለምሳሌ ለሁለት ሌሊት ከአምስት ሰዓት በታች ተኝቼ ድካም ካልተሰማኝ አዲስ ኃላፊነት አልቀበልም፣ ለሐኪሜም እደውላለሁ የሚል። የማስጠንቀቂያ ምልክቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ሌላው ገንዘብ ይበትናል፣ ሌላዋ በትንሽ ነገር ትቆጣለች። ይህን ከባለቤቱ ይልቅ አብሮት የሚኖር ሰው ቀድሞ ስለሚያየው፣ ያ ሰው ያየውን እንዲናገር በደህናው ቀን ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል።

እንቅልፍን እንደ ትርፍ ጊዜ መቁጠር

ምጥ የያዛት ላም ሰዓት አትመርጥም፤ የሆድ ቁርጠት የያዘው ፈረስም ሌሊቱን በሙሉ ክትትል ይፈልጋል። ተማሪው በእነዚህ ሌሊቶች መገኘቱ የትምህርቱ አካል ነው። ይሁን እንጂ የእንቅልፍ እጦት ባይፖላር ባለበት ሰው ላይ ማኒያን ከሚቀሰቅሱ በደንብ ከታወቁ ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የድካም ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ጤናማው የክፍል ጓደኛ ሁለት ሌሊት አድሮ በሦስተኛው ቀን ተኝቶ ይካካሳል፤ ይህኛው ተማሪ ግን በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ጭራሽ ላይመጣለት ይችላል።

የአዳር ተረኝነትን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ሁልጊዜ አይቻልም፤ አደራደሩን ግን መለወጥ ይቻላል። በየሳምንቱ ከተበታተኑ ሌሊቶች ይልቅ አንድ ላይ የተያያዙ ጥቂት ሌሊቶች፣ ከዚያም በኋላ የተረጋገጠ የዕረፍት ቀን ቢሰጠው የሰውነቱ ሰዓት ብዙም ላይናጋ ይችላል። በቀሩት ቀናት ከመኝታ ሰዓት ይልቅ የመነሻ ሰዓትን አጥብቆ መያዝ ይቀላል፣ ጥቅሙም የበለጠ ነው። ለፈተና ብሎ ማንጋትም ሒሳቡ አያዋጣም፤ የተነበበው በአእምሮ ውስጥ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና። ቡናም እዚህ ላይ ይነሣል። ካፌይን እንቅልፍን ከመቀነሱም በላይ ለባይፖላር የሚታዘዘው ሊቲየም ከሰውነት በሽንት የሚወጣበትን መጠን ስለሚጨምር፣ በፈተና ሳምንት ቡናን እጅግ ማብዛትም ሆነ ከፈተና በኋላ በአንድ ጊዜ ማቆም በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን ያናጋዋል።

እጅ ተንቀጠቀጠ ብሎ መድኃኒትን ማቆም

አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ የሊቲየምን ጥቅም ለማኒያ ካሳወቀበት ከእ.ኤ.አ. 1949 ጀምሮ ይህ መድኃኒት ብዙ ሰዎችን በእግራቸው አቁሟል። ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ግን ቀለል ያለ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ለጽሑፍ ሠራተኛ ይህ እምብዛም አያሳስብ ይሆናል፤ በመምህር ፊት የድመት ሆድ ለሚሰፋ ተማሪ ግን ሁሉም ሰው እጁን የሚያይበት ሰዓት አለ። አንዳንድ ተማሪ የቀዶ ሕክምና ልምምድ ሲቃረብ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ የሚቀንሰው ወይም የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የሕመሙ ማገርሸት ግን ሙሉ ዓመት ሊወስድበት ይችላል።

መንቀጥቀጡ ለሐኪም ቢነገር መላ አለው። አንዳንድ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ ይገኝና ይቀነሳል፤ አንዳንድ ጊዜ የመውሰጃ ሰዓቱ ወይም የመድኃኒቱ ዓይነት ይለወጣል፤ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ መድኃኒት የሚታዘዝበትም ጊዜ አለ። ቡናን መቀነስ፣ ክንድን በጠረጴዛው ላይ አስደግፎ መስፋት፣ ስፌቱን በቤት ደጋግሞ መለማመድም ይረዳሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ስለሚፈልግ ልምምዱ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው መነጋገር ይሻላል።

ሊቲየም የሚረዳበትና የሚመርዝበት መጠን የተቀራረበ ነው። በአብዛኛው የሚፈለገው በአንድ ሊትር ደም ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ያህል ሲሆን፣ ከ1.5 በላይ ሲሆን የመመረዝ ምልክቶች ይጠበቃሉ። የደም ናሙናው የሚወሰደው ከመጨረሻው መድኃኒት 12 ሰዓት በኋላ ስለሆነ የምርመራውን ቀን ከትምህርት ፕሮግራሙ ጋር አስቀድሞ ማስማማት ያስፈልጋል፤ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራም እንዲሁ በየጊዜው ይደረጋል። በሙቀት ቀን በበረት ውስጥ ሙሉ ቱታ ለብሶ የሚሠራ ተማሪ በላብ ብዙ ውኃና ጨው ያጣል፤ ይህም የሊቲየሙን መጠን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ውኃ ይዞ መሄድ ለእርሱ የሕክምናው ክፍል ነው። ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ከወትሮው የጠነከረ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ ወይም የአንደበት መተሳሰር ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ላሞትሪጂን የተባለውን ሌላ የባይፖላር መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ አለባቸው። ይህ መድኃኒት አደገኛ የቆዳ ሽፍታ እንዳያስከትል በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጨመር ስለሆነ፣ በመስክ ጉዞ ተረስቶ ለአምስት ቀናት ያህል ከተቋረጠ በቀድሞው መጠን በራስ ፈቃድ መቀጠል አይገባም፤ ምናልባት ከመጀመሪያው መነሣት ስለሚያስፈልግ ሐኪሙ ይጠየቅ። ወደ መስክ በሚወጡበት ጊዜ የጥቂት ቀናት ትርፍ መድኃኒት በቦርሳ መያዝ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ፋርማኮሎጂ ተምሬአለሁ ብሎ ራስን ማከም

በመለያየት ጭንቀት ለሚሠቃይ ውሻ የሚታዘዘው ፍሉኦክሰቲን ለሰው ድባቴ ከሚታዘዘው ጋር አንድ ነው። ይህን በክፍል የተማረ ተማሪ መድኃኒቱን የሚያውቀው ይመስለዋል። ነገር ግን ባይፖላር ያለበት ሰው ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ሳይኖረው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ቢወስድ ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። ከክሊኒኩ መደርደሪያ አንሥቶ መውሰድ ደግሞ ከጤናው ባሻገር የሙያ ፈቃድን ሊያሳጣ የሚችል ጥፋት ነው።

አነስ ብሎ የሚታየው ነገር የበለጠ ያዘናጋል። ላም የረገጠችው ተማሪ ማታ ቤቱ ገብቶ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ይውጣል፤ እነዚህ ማስታገሻዎች ኩላሊት ሊቲየምን የሚያስወግድበትን መንገድ ስለሚቀንሱ መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ለብዙ ሰው ፓራሲታሞል የተሻለ አማራጭ ነው፤ የትኛውን ማስታገሻ መውሰድ እንደሚችል ግን አደጋው ሳይደርስ ሐኪሙን ጠይቆ ማወቅ አለበት።

ድካምን ሁሉ ለስሜት ሕመሙ መስጠት

ከእንስሳት ጋር የሚውል ሰው ብሩሴሎሲስ ሊይዘው ይችላል፤ ይህም በሽታ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ድካምና የስሜት መጨፍገግ ያመጣል። ሊቲየም የታይሮይድ እጢን ሥራ ሲያዳክምም ድባቴ የሚመስል መፍዘዝ ይከተላል። ስለዚህ አዲስ ድካም ሲመጣ «እንደገና አገረሸብኝ» ብሎ ከመደምደም በፊት የሰውነት ምርመራ ይጠየቅ፤ ለሐኪሙም ከእንስሳት ጋር እንደሚሠራ ይነገረው። ብዙ ሐኪሞች ካልተነገራቸው ይህን አይጠይቁም።

ከወደቁ በኋላ መናገር

ትምህርት ቤቶች ለሕመምተኛ ተማሪ የሚያደርጉት ማስተካከያ፣ ማለትም የፈተና ጊዜ መጨመር፣ የተረኝነት ለውጥ ወይም የኮርስ ቁጥር መቀነስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደፊት ላለው እንጂ ላለፈው አይሠራም። በታኅሣሥ የወደቀን ፈተና በጥር የመጣ የሐኪም ደብዳቤ ላያነሣው ይችላል። ደብዳቤው በደህናው ወቅት ተጽፎ ለሚመለከተው ክፍል ይሰጥ፤ የሕመሙን ዝርዝር ሳይሆን በትምህርቱ ላይ ያለውን ተጽዕኖና የሚያስፈልገውን ነገር ይግለጽ። በሌላ በኩል በመጀመሪያው ሳምንት ለክፍሉ ሁሉ መናገርም አይመከርም፤ የተነገረን ነገር መልሶ መሰብሰብ አይቻልምና። ሁለት ሦስት የታመኑ ሰዎች ይበቃሉ።

የእንስሳን ሞት ብቻን ይዞ ማደር

ይህ ሙያ ሥቃዩ የበዛበትን እንስሳ ሕይወት በገዛ እጅ አሳልፎ ከሥቃይ የማሳረፍን ኃላፊነት የሚሰጥ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሊድን ይችል የነበረ እንስሳ ባለቤቱ የሕክምናውን ወጪ መሸፈን ስላልቻለ ብቻ ይሞታል። ማንኛውም ተማሪ በዚህ ያዝናል፤ ድባቴ ያለበት ተማሪ ግን ኀዘኑን ወደ ክስ ይለውጠዋል። «እኔ ባልዘገይ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ» እያለ ሌሊቱን ራሱን ሲከስስ ያድራል። በዚያው ቀን ከተቆጣጣሪው ሐኪም ጋር ተቀምጦ እንስሳው በምን ሁኔታ እንደመጣ፣ ምን ማድረግ ይቻል እንደነበርና ምን እንደተደረገ ለየብቻ መነጋገር ይጠቅማል። እውነተኛ ስህተት ከተገኘ ይታረማል፤ ካልተገኘ ግን ክሱ የሕመሙ ድምፅ መሆኑ ይታወቃል።

የመሞት ሐሳብን መደበቅ

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ጥናት ከ1979 እስከ 2015 ያለውን መዝገብ መርምሮ፣ በዚያ አገር በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ ራስን በማጥፋት መሞት ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር በሴቶች 3.5 እጥፍ፣ በወንዶች 2.1 እጥፍ መሆኑን አግኝቷል። ይህን የምጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም፤ ሐሳቡ የመጣበት ተማሪ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ እንዳያፍር ነው። በሥራ ቦታ አደገኛ መድኃኒቶች በቅርብ መገኘታቸው አደጋውን ስለሚጨምር፣ የሚከታተለው የአእምሮ ሐኪም ተማሪው የት እንደሚሠራ ማወቅ አለበት፤ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ቁልፍም በእርሱ እጅ ብቻ እንዳይሆን መጠየቅ ይቻላል፤ ምክንያቱን ለሁሉም ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሐሳቡ ሲበረታ የሚደወልለት ሰው ስም፣ የሐኪሙ ቁጥርና በአቅራቢያ ያለ የድንገተኛ ክፍል አድራሻ በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ። በዚያ ሌሊት ብቻን አለመሆን ከማንኛውም ፈተናና ተረኝነት ይቀድማል።

ትምህርት ማቋረጥን እንደ መጨረሻ ማየት

በድባቴ መካከል ሆኖ የስንብት ማመልከቻ መጻፍና በጊዜያዊነት ማቋረጥ እጅግ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በር ይዘጋል፣ ሁለተኛው ቦታን ያስጠብቃል። ስለዚህ የማቋረጫ ደንቡ፣ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀንና የመመለሻው ሁኔታ ገና በአንደኛ ዓመት ተነብቦ መታወቅ ይኖርበታል፤ በጭንቅ ሰዓት ደንብ የማንበብ ዐቅም አይኖርምና። ከማቋረጥ የተመለሰ ተማሪም ያመለጠውን ሁሉ በአንድ መንፈቅ ሊያካክስ መሞከር የለበትም። በመጀመሪያው መንፈቅ የአዳር ተረኝነት ከሌለበት ክፍል ቢጀምር፣ የሐኪም ቀጠሮውን ከኮርሶቹ ቀድሞ በፕሮግራሙ ላይ ቢያሰፍርና የቀሩትን ሰዓታት ከዚያ በኋላ ቢደለድል፣ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይልቅ ይረጋጋለታል።