በልጆች ላይ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ፦ የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራም ሲባል

ለሄፓታይተስ ቢ የሚሰጡት ኢንቴካቪርም ሆነ ቴኖፎቪር የተባሉት መድኃኒቶች የቫይረሱን መራባት ይገታሉ እንጂ ቫይረሱን ከጉበት ሴሎች ጠራርገው አያወጡም። ስለዚህ ኤችቢኤስኤጂ የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ከዓመታት ሕክምና በኋላም በደም ውስጥ መገኘቱ ብዙ ወላጆችን ቢያስደነግጥም መድኃኒቱ ላለመሥራቱ ማስረጃ አይሆንም። መታየት ያለባቸው በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠንና ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው ኤኤልቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም ናቸው።

ችግር፦ የቫይረሱ መጠን ከወረደ በኋላ ተመልሶ ወጣ

መጠኑ ከደረሰበት ዝቅተኛ ልክ ከ10 እጥፍ በላይ ከጨመረና ይህም በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቫይረሱ ሳይሆን የመድኃኒቱ አወሳሰድ ነው። ልጁ ሕመም ስለማይሰማው፣ በተለይም ወደ ጉርምስና ሲጠጋ፣ መድኃኒቱን መዝለል ይቀለዋል። ቁጣ ባለበት እውነቱ ስለማይነገር ጥያቄው ያለ ወቀሳ ቢቀርብ፣ የቀረው ኪኒንም ቢቆጠር ይሻላል። ኢንቴካቪር ከምግብ ጋር ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን ስለሚቀንስ፣ ከምግብ ቢያንስ 2 ሰዓት በኋላና ከሚቀጥለው ምግብ 2 ሰዓት በፊት መወሰድ አለበት። በቀላሉ የሚዘነጋው ግን ክብደት ነው፤ መጠኑ በኪሎ ግራም የሚሰላለት ልጅ እያደገ ሄዶ መድኃኒቱ በመጀመሪያው ልክ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል በየክትትሉ ተመዝኖ መጠኑ እንደገና ይሰላ።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ስህተት ካልተገኘ፣ ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሚቻል ከሆነም በላቦራቶሪ ይረጋገጣል። ላሚቩዲን የተባለውን የቀድሞ የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት የተላመደ ቫይረስ ኢንቴካቪርን ለመላመድም ከፊሉን መንገድ የተጓዘ ስለሆነ፣ የኢንቴካቪርን መጠን ከማሳደግ ይልቅ ወደ ቴኖፎቪር መቀየር ይመረጣል። ኢንቴካቪር ራሱ ሲከሽፍም ምርጫው ያው ነው። ቴኖፎቪርን መላመድ ግን እጅግ ብርቅ በመሆኑ፣ እርሱን እየወሰደ የቫይረሱ መጠን የወጣበት ልጅ አወሳሰዱ ሁለት ጊዜ ቢጣራ አይበዛም። ቴኖፎቪር ዲሶፕሮክሲል የተባለውን የቴኖፎቪር ዓይነት ለሚወስድ ልጅ የኩላሊትና የአጥንት ክትትል ያስፈልጋል።

አዲሱ እስኪጀመር አሮጌው አይቋረጥም፤ ድንገት ማቆም ጉበትን ክፉኛ የሚጎዳ ብግነት ሊያስነሳ ይችላል። መድኃኒት ከመጀመሩም ሆነ ከመቀየሩ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ኤችአይቪ ባለበት ልጅ እነዚህን መድኃኒቶች ብቻቸውን መስጠት ኤችአይቪውን ያላምዳቸዋልና።

ችግር፦ የቫይረሱ መጠን እየወረደ ነው፣ ግን ከ1 ዓመት በኋላም አልጠፋም

ሕክምናው ሲጀመር መጠኑ እጅግ ከፍተኛ ከነበረና መውረዱን ከቀጠለ መጠበቅ ይበቃል። አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ግን ወደ ሌላው መድኃኒት መቀየር ወይም ሁለቱን ማጣመር ይታሰባል።

ችግር፦ የፔጊንተርፌሮን መርፌ አልቆ ለውጥ አልታየም

ፔጊንተርፌሮን የሰውነትን የመከላከያ ኃይል በቫይረሱ ላይ የሚያነሳሳ የኢንተርፌሮን ዓይነት ነው። የኢንተርፌሮን ውጤት ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል፣ የጉበቱ ሁኔታ ከፈቀደ መርፌው ካለቀ በኋላ ከ6 እስከ 12 ወር መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኢንቴካቪር ወይም ቴኖፎቪር ይጀመራል። ሆኖም ከሕክምናው በፊት ኤኤልቲው መደበኛ፣ ቫይረሱም ብዙ ከነበረ፣ ስህተቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን የጊዜው ነው። የልጁ የመከላከያ ኃይል ቫይረሱን ችሎ በሚኖርበት በዚያ ምዕራፍ ኢንተርፌሮን እምብዛም አይረዳም፤ እንዲህ ላለው ልጅ ሌላ መድኃኒት ለመደረብ ከመቸኮል ይልቅ በየጊዜው መከታተል ይበጃል።

ችግር፦ ቫይረሱ አይታይም፣ ኤኤልቲ ግን ከፍ እንዳለ ነው

እዚህ ላይ የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት መቀየር ፋይዳ የለውም። ሄፓታይተስ ዲ፣ የጉበት ስብ፣ የራስን ጉበት የሚያጠቃ የመከላከያ ሥርዓት መዛባት፣ በዊልሰን በሽታ የሚመጣ የመዳብ ክምችት፣ ሌሎች መድኃኒቶችና ከዕፀዋት የተዘጋጁ ነገሮች ይመርመሩ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ደም በቀላሉ ከፈሰሰ ወይም ልጁ ግራ መጋባት ከጀመረ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።